ከቤት ምረቃው በፊት

ባለፈው ዕትም ባልና ሚስት ስለ ወር ገቢያቸው በግልጽ መነጋገር እንደሚገባቸው ተመልክተን ነበር። ለዚህኛው ያሰብኩት ሌላ ርእስ ነበር፤ ነገር ግን በአጥቢያችን የደረሰ አንድ ነገር ሐሳቤን አስቀየረኝ። ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ ጥቂት አፍራለሁ፤ በታሪኩ ውስጥ የእኔም ጥፋት አለበትና።

ባለ ታሪኮቹ ሁለት ልጆች ያሏቸው ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ለሰባት ዓመት ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ቆይተው በመጨረሻ በባንክ ብድር ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ገዙ። ሊገቡበት አንድ ሳምንት ሲቀራቸው እህቴ ከአምልኮ በኋላ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ ቤቱን በባንኩ በኩል ኢንሹራንስ አስገብተነዋል። አንድ የምናውቀው ሰው ደግሞ የቤት ዕቃችሁንም አስገቡ ይለናል፤ ምን ይመስልዎታል?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም እጇን ይዤ፣ «የሰጣችሁ ጌታ ይጠብቅላችኋል፤ ገንዘቡን ለመጋረጃ አድርጉት» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። እሷም መጋረጃውን ገዛች።

በዝማሬና በጸሎት ቤቱን መረቅን። በአራተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እህቴ እንጀራ እየጋገረች ሳለ ጎረቤት ጠራቻትና ለጥቂት ደቂቃ ወጣች። የምጣዱ ገመድ የተሰካው ፍሪጁም ምድጃውም በተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ ነበር። ስትመለስ ኩሽናው በጭስ ተሞልቶ፣ እሳቱ ሳሎን ደርሶ ነበር። ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ወጥተው ስለነበር በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ሶፋው፣ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የልጆቹ ልብስና የሠርጋቸው አልበም ግን ተቃጠለ።

«ኢንሹራንስ አለን» ብለው ወረቀቱን ሲያወጡ ሁለት ነገር ተረዱ። አንደኛ፣ ውሉ የሚሸፍነው ሕንፃውን እንጂ በውስጡ ያለውን ዕቃ አይደለም። ሁለተኛ፣ ቤቱ የተገመተው ሳይጠናቀቅ እንደተረከቡት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሠሩት ሴራሚክ፣ ኮርኒስና የኩሽና ካቢኔት በግምቱ ውስጥ አልገባም። ካሳው ለዕቃው ምንም፣ ለቤቱም ከጠበቁት በታች ሆነ።

ከሁሉ የከፋው ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። ባል፣ «ምጣዱን ትተሽ የወጣሽው አንቺ ነሽ» አለ። ሚስት፣ «ሳታነብ የፈረምከው አንተ ነህ» አለች። በኪራይ ቤት ሰባት ዓመት ሳይጣሉ የኖሩ ሰዎች በራሳቸው ቤት ጀርባ ተሰጣጡ። እኔና ባለቤቴ ልናነጋግራቸው ስንሄድ በልቤ ያለውን መደበቅ አልቻልኩም። «ሦስተኛዋ ጥፋተኛ እኔ ነኝ» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም፣ «እትዬ፣ እርስዎ ባይሉኝም ሌላ ሰው ፈልጌ ያንኑ መስማቴ አይቀርም ነበር» አለችኝ። ይህ ዓምድ ያን ቀን ለእሷ ልነግራት የሚገባኝ ነው።

መድን መግባት እምነት ማጣት ነውን?

ብዙዎቻችን በአዲስ ቤት ምረቃ ላይ መዝሙር 127ን እናነባለን። መልካም ነው፤ ቤትን የሚጠብቅ ጌታ ነው። ይሁን እንጂ በነህምያ 4፥9 የኢየሩሳሌምን ቅጥር የሚሠሩት ሰዎች ከጸለዩ በኋላ ቀንና ሌሊት የሚጠብቁ ዘበኞችን መደቡ። ጸሎታቸው ዘበኛ ከማቆም አላገዳቸውም። በዘዳግም 22፥8 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ማንም እንዳይወድቅ ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግለት ታዝዟል። አደጋን አስቀድሞ ማሰብ እንግዲህ ለቤት ባለቤት የተሰጠ ኃላፊነት ነው።

ደግሞስ ዕድር ምንድን ነው? በየወሩ ጥቂት እናዋጣለን፤ ኀዘን የደረሰበት ሰው ሸክሙን ብቻውን እንዳይሸከም ነው። ዕድርተኛ የሆነን ሰው «እምነት የለህም» ያለው የለም። መድንም በመሠረቱ ያው ነው፤ ብዙዎች ጥቂት ጥቂት ይከፍላሉ፣ ጉዳት የደረሰበት ካሳ ያገኛል። ለአገራችንም አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት የተቋቋመው በ1968 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1986 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ በኋላ ደግሞ የግል ኩባንያዎች ተከፍተዋል።

ባንኩ የሚጠይቀው መድን

ባንክ ለቤት መግዣ ሲያበድር ቤቱን በመያዣነት ይይዛል። ስለዚህ ቤቱ ቢያንስ ለእሳትና ለመብረቅ መድን እንዲኖረው ይጠይቃል። አረቦኑን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ በውሉ ላይ ግን ባንኩ የካሳው ቀዳሚ ተጠቃሚ ሆኖ ይጻፋል። ይህ ተገቢ ነው፤ ባንኩ ያበደረውን ገንዘብ ይጠብቃል። ስሕተቱ የእኛ ነው፤ ባንኩ ለራሱ የጠየቀው መድን ለእኛ የሚያስፈልገንን ሁሉ ይሸፍናል ብለን እናስባለን።

እንግዲህ የውሉን ቅጂ ጠይቃችሁ ወደ ቤት ውሰዱ። በጸጥታ ተቀምጣችሁ ሦስት ጥያቄ መልሱ። የተሸፈነው ሕንፃው ብቻ ነው ወይስ ዕቃውም? የተሸፈነው በስንት ብር ነው? ውሉ የሚያበቃው መቼ ነው? የእሳት መድን ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ የሚታደስ ሲሆን፣ የባንኩ ብድር ግን ለብዙ ዓመት ይቆያል። ዕድሳቱን ማን እንደሚከታተል ካልተነጋገራችሁ በመካከል ክፍተት ሊፈጠር ይችላል።

ቤቱን በስንት ብር እናስገባው?

አንዳንዶች ቤቱን የገዙበትን ዋጋ ይጽፋሉ። ነገር ግን በአዲስ አበባ የቤት ዋጋ ውስጥ የቦታው ጥሩነትም አለ፤ ቦታ ደግሞ አይቃጠልም። ሊታሰብ የሚገባው ቤቱ ቢፈርስ መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ ነው። ካሳ የሚከፈለው በደረሰው ጉዳት ልክ ስለሆነ ከመጠን በላይ መገመት ትርፍ አረቦን ከማስከፈል በቀር ጥቅም የለውም።

ሌሎች ደግሞ አረቦን ለመቀነስ ግምቱን ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ የበለጠ ይጎዳል። ለምሳሌ መልሶ ለመሥራት 3,000,000 ብር የሚያስፈልገውን ቤት በ1,800,000 ብር አስገባችሁ እንበል። ይህ ከሙሉ ዋጋው 60 በመቶ ነው። ከዚያ የ500,000 ብር ጉዳት ቢደርስ፣ «ጉዳቱ ከገባሁበት መጠን በታች ስለሆነ ሙሉውን አገኛለሁ» ትላላችሁ። በተለመደው የእሳት መድን አሠራር ግን ካሳውም በዚያው 60 በመቶ ይሰላል፤ 300,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። ቀሪውን 200,000 ብር ራሳችሁ ትሸከማላችሁ። በውሉ ላይ ከካሳ ተቀናሽ የሚሆን መጠን ካለም ከዚህ ይነሳል።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በተለይ ልብ በሉ። ብዙዎቻችን ቤቱን የምንረከበው ሳይጠናቀቅ ነው። ሴራሚክ፣ በር፣ ካቢኔት፣ ቀለምና መብራት ጨምረን ስንጨርስ የቤቱ ዋጋ ከፍ ይላል። ሥራው እንዳለቀ ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቁና ግምቱ ይስተካከል። የግንባታ ዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚጨምር በእያንዳንዱ ዕድሳት ላይም ግምቱን ተመልከቱ።

ምን ይሸፈናል፣ ምን ይቀራል?

መሠረታዊው ውል እሳትና መብረቅ ነው። በቸልተኝነት የተነሳ እሳት በአብዛኛው ይካሳል፤ ሆን ተብሎ የተነሳ ግን አይካስም። የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ፣ ፍንዳታ፣ ሁከት የመሳሰሉት ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ተከፍሎባቸው የሚገቡ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ በሌሊት ልጆቻችንን አቅፈን ከፎቅ የወረድን ሰዎች አለን። በማግስቱ ውላችንን አውጥተን «የመሬት መንቀጥቀጥ» የሚል ቃል የፈለግን ግን ስንቶቻችን ነን?

የቤት ዕቃ ለብቻው ይመዘገባል። ስርቆትም እንዲሁ የራሱ ሽፋን አለው፤ ብዙውን ጊዜ በር ወይም መስኮት ተሰብሮ መገባቱ መታየት አለበት። ቁልፍ የሰጣችሁት ሰው ዕቃ ይዞ ቢሄድ ወይም ቤቱ ረጅም ጊዜ ሰው ሳይኖርበት ቢሰረቅ ሽፋኑ ላይሠራ ይችላል። ወደ አዲሱ ቤት ሳትገቡ ለወራት የምታቆዩት ከሆነ ይህንን ጠይቁ።

በፎቅ ለምትኖሩ ደግሞ ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው፣ ከእናንተ ቤት የፈሰሰ ውሃ የታችኛውን ጎረቤት ኮርኒስ ቢያበላሽ የራሳችሁ የእሳት መድን አይረዳችሁም፤ በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሽፋን መኖሩን ጠይቁ። ሁለተኛው፣ ጣራውና ደረጃው የጋራ ንብረት ነው። የነዋሪዎች ማኅበሩ ለእነዚህ መድን ገብቶ እንደሆነ በስብሰባ ላይ አንሱት።

የመግቢያው ሳምንት

የቀድሞው ባለቤት መድን እንደነበረው ቢነግራችሁ በዚያ አትደገፉ። ቤቱ በእናንተ ኃላፊነት ሥር ከሚገባበት ቀን ጀምሮ በስማችሁ ሽፋን ይኑር። ውሉ የሚጀምርበትን ቀን አንብቡ፣ አረቦኑን ከፍላችሁ ደረሰኙን ያዙ። ዕቃ በኤፍኤስአር ስትጭኑ መንገድ ላይ የሚሰበረውን የቤት መድን ይሸፍናል ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ሽፋኑ በአብዛኛው በውሉ ላይ ለተጻፈው አድራሻ ነው።

ቅጹ ላይ የምትመልሱት እውነት ይሁን። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ጭቃ በሉ። ከቤቱ አንዱን ክፍል ለሱቅ ካከራያችሁ ወይም በቤት ውስጥ ለሽያጭ እንጀራ የምትጋግሩ ከሆነ ተናገሩ። እውነቱን መደበቅ ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል፤ ለአማኝ ደግሞ ከውሉ በፊት የኅሊና ጉዳይ ነው።

ዕቃው ቦታ ቦታውን ሲይዝ እያንዳንዱን ክፍል በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የፍሪጁን፣ የምድጃውንና የቴሌቪዥኑን ደረሰኝ ፎቶ አንስታችሁ ከቤት ውጭ ለሚኖር ለምታምኑት ሰው ላኩ። ደረሰኙ ከዕቃው ጋር ከተቃጠለ ምን ይጠቅማል? ከሁሉ በፊት ግን የኤሌክትሪክ መስመሩን በባለሙያ አስፈትሹ፤ ምጣድ የራሱ ሶኬት ይኑረው። ካሳ የሠርግ አልበም አይመልስም።

ለባልና ሚስት

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ፣ በመያዣነትም እንዳይሰጥ ይደነግጋል። ለባንኩ ሁለታችሁም ከፈረማችሁ የመድኑንም ውል ሁለታችሁ አንብቡት። «እሱ ያውቃል»፣ «እሷ ይዛዋለች» መባባል ይቅር። ወረቀቱ የት እንደተቀመጠና አደጋ ቢደርስ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር ሁለታችሁም እወቁ። አደጋው እንደደረሰም ወዲያው አሳውቁ፤ የመድን ድርጅቱ ባለሙያ ሳያይ የተቃጠለውን ጠርጋችሁ አትጣሉ።

አንድ ከባድ ጥያቄም አለ። ብድሩ ሳያልቅ ከሁለታችን አንዳችን ብንሞት ቤቱ ምን ይሆናል? ቀሪውን ዕዳ የሚከፍል የሕይወት መድን መኖሩን ባንኩን ጠይቁ። ስለ ሞት መነጋገር ሟርት የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ባሏን ቀብራ በተመለሰች ማግስት የወር ክፍያ የምትጠየቅ ሴት ማየት ከዚህ ንግግር ይከብዳል።

እነዚያ ባልና ሚስት ዛሬ በዚያው ቤት ይኖራሉ። የኅብረታቸው ሰዎች አዋጥተው አልጋና ምድጃ ገዙላቸው፤ ሶፋው እስካሁን አልተተካም። በቅርቡ ስንጠይቃቸው ሻይ የጠጣነው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ነው። ባልየው አዲሱን ውል አምጥቶ ከባለቤቱ ጋር ያሰመሩበትን ቦታ አሳየን። የዕቃው ዝርዝር በእሷ እጅ ጽሑፍ፣ ግምቱ በእሱ ነበር። ያን ማታ ለሁለተኛ ጊዜ ቤቱን መረቅነው።

ቤት ልትገዙ የተዘጋጃችሁ ሁሉ፣ ምረቃውን አታስቀሩ፤ እኛንም ጥሩን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ምሽት ወረቀቱን በመካከላችሁ አድርጋችሁ አብራችሁ አንብቡ። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ የጌታ ሰላም በቤታችሁ ይሁን።