ተጠልፋ እምቢ ያለችው ልጅና አባቷ

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ አስተያየት



በዚህ ዓመት የሥነ ጽሑፍ ክበባችን በየወሩ አንድ የውጭ አገር ፊልም በአዳራሹ ሲያሳየን መክረሙን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከታዩትም መካከል አንዱ ዳሚያኖ ዳሚያኒ የተባለው ኢጣልያዊ ዲሬክተር በ1970 ያወጣው «እጅግ ውቢቱ ሚስት» የሚባለው ድራማ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዘመን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ የአገራችን ሲሆን ለይቼ እናገራለሁ።) መምህራችን ለተማሪ ዓይን የማይገባውን ክፍል እየዘለሉ፣ ከሥር የተጻፈውንም የእንግሊዝኛ ትርጕም አልፎ አልፎ ባማርኛ እያስረዱ አሳዩን። ታዲያ ልጅቱ በጠላፊዎች ተይዛ ስትወሰድ አዳራሹ ጸጥ ይላል ብዬ ስጠብቅ ከኋላ ወንበሮች ሳቅ ተሰማ። ይህን የምጽፈው የሳቁትን ጓደኞቼን ለመክሰስ አይደለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈገግ ብዬ ነበር። ለምን ፈገግ እንዳልሁ ራሴን ጠይቄ መልሱን ለማግኘት ግን ብዙ ቀን ፈጀብኝ።

ፊልሙን ላላያችሁ ወላጆች ታሪኩን ባጭሩ ላቅርብ። ነገሩ የሚሆነው በሲሲሊያ ደሴት ነው። ቪቶ የሚባል ወጣት የማፊያ ሰው አለ። ማፊያ ማለት በዚያ ደሴት የተነሣ፣ በምስጢር የተሳሰረ የወንጀለኞች ማኅበር ሲሆን፣ ገበሬውንና ነጋዴውን እያስፈራራ በሚወስደው ገንዘብ የሚኖር ነው። የቪቶ አለቃ የሆነው ሽማግሌ ደኻና ጨዋ የሆነች ልጅ እንዲያገባ ይመክረዋል። እርሱም ፍራንቼስካ የምትባል የገበሬ ልጅ ይመርጣል። እርሷም ትወደዋለች። ይህን ልብ አድርጉ፤ ነገሩ የተጀመረው በጥላቻ አይደለም። ነገር ግን ፍራንቼስካ አንገቷን ደፍታ የምትታዘዝ ልጅ አልሆነችም። ወጣቱም በሰው ፊት የተዋረደ ስለ መሰለው ከግብረ አበሮቹ ጋር ሆኖ ጠለፋት፤ በግድም ደፈራት። ከዚህ በኋላ አማራጭ አጥታ የምታገባው መስሎት ነበር። እርሷ ግን ሄዳ ከሰሰችው። ወላጆቿ ፈሩ፤ የአገሩም ሰው ፊቱን አዞረባት።

ፍራንቼስካን ሆና የምትጫወተው ኦርኔላ ሙቲ ናት፤ የመጀመሪያ ፊልሟም ይኸው ነው። የተወለደችው በ1955 ስለ ሆነ፣ ፊልሙ ሲወጣ በክፍላችን ካሉት ልጃገረዶች ብዙዎቹን በዕድሜ አትደርስባቸውም ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ አንዳንዱን ትዕይንት መጀመሪያ እንዳየሁት አድርጌ ለማየት አልቻልሁም። ስለ አንዲት ልጅ መደፈር የሚቈረቈር ፊልም ሌላይቱን ልጅ እንዲህ አድርጎ በካሜራ ፊት ማቆሙ አልተዋጠልኝም። ሙዚቃውን የደረሰው ኤኒዮ ሞሪኮኔ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ዳሩ ግን ከፊልሙ ይልቅ እውነተኛው ታሪክ ይበልጣል። ዲሬክተሩ መነሻ ያደረገው አልካሞ በምትባል የሲሲሊያ ከተማ የተወለደችውን የፍራንካ ቪዮላን ሕይወት ነው። ፍራንካ ገና በ15 ዓመቷ ለአንድ ወጣት ታጭታ ነበር፤ ወጣቱም በማፊያው ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው ነበር። እርሱ በስርቆት ሲያዝ አባቷ በርናርዶ ቪዮላ እጮኝነቱን አፈረሱ። በርናርዶ የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ ገበሬ እንጂ ባለጸጋ ወይም ባለሥልጣን አልነበሩም። ከዚያ በኋላ የወይን ተክላቸው ተቃጠለ፤ የእርሻ ቤታቸውም ጋየ፤ ዛቻውም በዛ። እርሳቸው ግን ቃላቸውን አላጠፉም። በመጨረሻም ዲሴምበር 26 ቀን 1965 የታጠቁ ሰዎች ቤታቸው ገብተው የ17 ዓመቷን ፍራንካን ከ8 ዓመት ወንድሟ ጋር ወሰዷት። ትንሹ ልጅ አብሮ የተወሰደው እኅቱን ጨብጦ አልለቅም ስላለ ነው ይባላል። እርሱን ቶሎ ለቀቁት፤ እርሷ ግን ስምንት ቀን ያህል ታግታ ቈየች።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጠላፊው ወገኖች ለአባትዮው የዕርቅ መልእክት ላኩባቸው። እንደ አገሩ ልማድ ሁለቱ ቤተ ዘመድ ተገናኝቶ ይታረቃል፤ ጋብቻው ይፈጸማል፤ ነገሩም ይበርዳል። ባጭሩ ሽማግሌ መላክ ማለት ነው። በርናርዶም እሺ ያሉ መስለው ታዩ። ነገር ግን ከካራቢኜሪ ጋር በምስጢር ተመካክረው ነበርና ጃንዋሪ 2 ቀን 1966 ፍራንካ ነጻ ወጣች፤ ጠላፊዎቹም ተያዙ። (ካራቢኜሪ የሚለው ስም ባገራችን አረጋውያን ዘንድ ምን ዐይነት ትዝታ እንደሚቀሰቅስ ዐውቃለሁ፤ ቢሆንም በዚያች ቀን የሠሩት ሥራ ምስጋና ይገባዋል።)

በዚያን ጊዜ በኢጣልያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ አንቀጽ 544 የሚባል ነበር። ይኸውም ሴትን በግድ የደፈረ ሰው ያችኑ ሴት ካገባት ወንጀሉ ይቀርለታል የሚል ነው። «የሚጠግን ጋብቻ» ይሉት ነበር። ምን እንደሚጠግን እነርሱ ያውቃሉ! ሕጉ የወጣው በ1930 በፋሺስት መንግሥት ነው፤ ያው መንግሥት ነው ከ5 ዓመት በኋላ አገራችንን የወረረው። እንግዲህ ጠላፊው ሲጠልፍ ሕግ የጣሰ ቢሆንም፣ መውጫው በር በዚያው በሕጉ ውስጥ ተከፍቶ እንደሚጠብቀው ዐውቆ ነው የጠለፈው። በዚህ ላይ የዝምታው ልማድ አለ፤ ያየው አላየሁም፣ የሰማው አልሰማሁም ይላል። አንዳንድ ጓደኞቼ «ፊልሙ ስለ ማፊያ ነው ወይስ ስለ ጋብቻ?» ብለው ጠይቀው ነበር። በበኩሌ ሁለቱን ለመለየት አልችልም። የወይን ተክሉም ልጅቱም በአንድ መንገድ ነው የተጠቁት፤ መጀመሪያ በጕልበት ይወሰዳል፤ በኋላም ባለቤቱ ወድጄ ሰጠሁ ብሎ እንዲናገር ይገደዳል።

ፍራንካ አላገባም አለች። የጠላፊው ጠበቆች፣ ልጅቱ ወዳ ኰበለለች እንጂ አልተጠለፈችም ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ ግን በ1966 የ11 ዓመት እስራት ፈረደበት፤ በይግባኝም ወደ 10 ዓመት ዝቅ አለለት። በ1968 ፍራንካ የልጅነት ወዳጇን አገባች፤ የሪፑብሊኩ ፕሬዚዳንት ጁዜፔ ሳራጋት ስጦታ ላኩላት፤ ፓፓ ጳውሎስ 6ኛም ሙሽሮቹን ተቀብለው አነጋገሯቸው። አንቀጽ 544 የተሻረው ግን በ1981 ነው። ሕጉ አንዲት የገበሬ ልጅ ቀድማው የደረሰችበት ቦታ ለመድረስ 15 ዓመት ፈጀበት ማለት ነው።

እንግዲህ በፊልሙ ላይ ያለኝ ቅሬታ ከዚህ ላይ ነው። ዲሬክተሩ አባትዮውን ለወጣቸው። በእውነቱ ታሪክ ተክላቸው ሲቃጠል ያልተበገሩት ሰው፣ በፊልሙ ውስጥ ፈሪ ገበሬ ሆነው ቀሩ። በውይይቱ ጊዜ አንድ ጓደኛዬ «ብቻዋን መሆኗ ጀግንነቷን ያጐላዋል» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ብዙ ሰውም አጨበጨበለት። ለሲኒማ እውነት ይሆናል። ለሕይወት ግን ልጅቱን ብቻዋን አቁሞ «ጀግና ናት» ማለት ሌላው ሰው እጁን ታጥቦ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ይመስለኛል። ማፊያው ያልጠበቀው የልጅቱን እምቢታ ብቻ አይደለም፤ እርሷን ከነእምቢታዋ ወደ ቤቱ የሚመልስ አባት መኖሩንም ጭምር ነው። ዲሬክተሩ የአገሩን ሰው ፍርሃትና ዝምታ በማሳየቱ ግን እውነቱን ነው፤ በአልካሞም ብዙ ሰው ከቪዮላ ቤት ርቆ ነበር።

ወዳገራችን ስንመለስ፣ በ1949 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል አድርጎ ሲያበቃ፣ ተጠላፊዋ በፈቃዷ ከጠላፊው ጋር የጸና ጋብቻ ካደረገች ክስ አይቀርብበትም ይል ነበር። «በፈቃዷ» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ መልካም ነው። በሰው ቤት ተዘግታ የሰነበተች ልጅ ፈቃዷ የት ተቀምጦ እንደሚገኝ ግን ሕጉ አልነገረንም። ይህ በር የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው፤ ከጠለፋ በኋላ የሚደረግ ጋብቻ ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም ይላል። ለዚህም ለውጥ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ብዙ ደክመውበታል። በ1996 በእነርሱ አቈጣጠር፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ጠላፊዋን ተኵሳ ለገደለች የ14 ዓመት ልጅ ጠበቃ ሆነው በነጻ ያስለቀቋት እነርሱ ናቸው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ2014 ያወጣው «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። ስሙ ግሩም ስም ነው፤ ባማርኛችን ድፍረት ሲባል ልጅቱ ያደረገችውም ልጅቱ የተደረገባትም ይሆናልና። ይህን ፊልም ክበባችን በሚመጣው ዓመት ቢያሳየን በጣም ደስ ይለኛል።

ከጓደኞቼ አንዱ ሲከራከረኝ፣ «ተዋደው፣ ተመካክረው፣ የሠርግ ወጪ ፈርተው የሚጠላለፉ አሉ፤ ሁሉን አንድ አታድርገው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አሉ። በሲሲሊያም ነበሩ፤ የጠላፊው ጠበቆች የተከራከሩትም በዚያው ነው። ነገር ግን ተዋደው ከሆነ ጠመንጃው ለምን አስፈለገ? ትንሹስ ልጅ ምን አደረገ?

ሁለተኛው ክርክሩ ግን የከበደኝ ነው። ምክንያቱም እርሱ የቤታችንን ነገር ያውቃል። ሴት አያቴ የተዳሩት በጠለፋ ነው። በ13 ዓመታቸው ውኃ ሊቀዱ ወርደው ሳለ በፈረስ ተወሰዱ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ተላከ፤ አባታቸውም «እንግዲህ አንዴ ሆኗል» ብለው ሁለት ከብት ካሣ ተቀብለው ታረቁ። ወንድ አያቴን እወዳቸው ነበር፤ ፊደል ያስቈጠሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ሰባት ልጅ ወልደው አሳድገው በሰላም ዐረፉ። ስለዚህ ጓደኛዬ «ያ ባይሆን አንተም አትወለድም ነበር» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። እስካሁንም አላገኘሁም። ነገር ግን የኔ መወለድ የ13 ዓመቷን ልጅ ልቅሶ ትክክል አያደርገውም፤ እርሳቸውም ያን ልቅሶ እንድከፍልላቸው አልጠየቁኝም። ፈገግ ያልሁበትም ምክንያት ይኸው መሰለኝ። በቤታችን ይህ ታሪክ በዓመት በዓል የሚወራው እንደ ጨዋታ ነው፤ ፈረሱ እንዴት እንደ ሮጠ፣ እንስራው እንዴት እንደ ተሰበረ እየተባለ። የሚያወሩትም ሌሎች ናቸው እንጂ አያቴ አይደሉም። እርሳቸው በዚያን ጊዜ ተነሥተው ወደ ጓዳ ይገባሉ።

ፊልሙ በታየ በሳምንቱ፣ እሑድ፣ ቡና ሲፈላ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤

«አባቷስ? አባቷ ምን አለ?»

«በፊልሙ ፈራ፣ እማማ» አልኋቸው።

«አይፈረድበትም» አሉና ረከቦቱን ማስተካከል ጀመሩ።

«እውነተኛው አባቷ ግን አልፈራም፤ ተክሉን አቃጠሉበት፤ ሽማግሌ ላኩበት፤ እሺ ያለ መስሎ ልጁን አስመለሰ።»

እጃቸው ቆመ። «ወደ ቤቷ መለሳት?»

«አዎን።»

«ስሙ ማን ነው?»

«በርናርዶ።»

ስሙን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩት፤ አልሆነላቸውም፤ «በርናዶ» ብለው ተዉት። ከዚያ ሁለተኛውን ቡና እየቀዱ፣ «ልጆቹስ፣ ጓደኞችህ፣ ሲያዩት ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ዝም ብለው አዩ» አልኋቸው። ዋሸሁ።