መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ተዉት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቆየች ወዳጄ ደውላ ልጇን ከሰሰችልኝ። ልጁ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆመ ዓመት አልፎታል፤ ለምን ስትለው «አሁን አይደለም እማዬ» ብሎ ያልፋታል። ሦስት መንፈሳዊ መጻሕፍት ገዝታ ሻንጣው ውስጥ ከተተችለት። ለዕረፍት ሲመጣ ልብሱን ልታጥብለት ሻንጣውን ብትከፍት ሦስቱም በዚያው በገዛችበት ፌስታል እንደተጠቀለሉ አገኘቻቸው። «አራተኛ የትኛውን ልግዛለት?» ነው ጥያቄዋ።

አራተኛ አትግዢ አልኳት። ቅር ሳይላት አልቀረም፣ ስልኩን ቶሎ ዘጋችው። ያን ቀን በቅጡ ስላላስረዳኋት እዚህ ልሞክር። ጭንቀቱ የእሷ ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ።

ዛሬ አልጄሪያ በምንላት አገር ሞኒካ የምትባል እናት ነበረች። ልጇ አውግስጢኖስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ354 ተወለደ። ጎበዝ ተማሪ ነበርና ለትምህርት ወደ ካርታጎ ተላከ፤ እዚያ የማኒን ትምህርት ከሚከተሉ ሰዎች ጋር ገጥሞ የእናቱን እምነት ናቀ። ሞኒካ አለቀሰች። ጥቂት ቆይታ ወደ አንድ ጳጳስ ሄዳ፣ ልጇን ጠርተው እንዲከራከሩትና እንዲመልሱላት ለመነቻቸው። ጳጳሱ እምቢ አሉ። ልጁ በአዲሱ ነገር ልቡ ሞቋል፣ አሁን ቢነግሩት አይሰማም፤ አንቺ ጸልዪለት፣ እሱ ራሱ ሲያነብ ይደርስበታል አሏት። እሳቸውም በልጅነታቸው ለእነዚያው ሰዎች ተሰጥተው እንዳደጉ፣ መጻሕፍታቸውን ከሞላ ጎደል አንብበው እንደጨረሱ፣ ስህተቱንም ማንም ሳይከራከራቸው ራሳቸው እንዳዩት ነገሯት። እሷ ግን አልበቃትም፤ እያለቀሰች ወተወተቻቸው። በመጨረሻ ሰልችቷቸው፣ ይህን ያህል እንባ የፈሰሰለት ልጅ አይጠፋም ብለው አሰናበቷት።

ይህን የምናውቀው አውግስጢኖስ ራሱ ኋላ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ስለጻፈው ነው። ወደ ሮም የሄደውም እናቱን ዋሽቶ ነው። እሷ ባሕሩ አጠገብ ባለ ጸሎት ቤት ስትጸልይ ስታድር፣ እሱ በሌሊት መርከብ ተሳፍሮ ሄደ። ልጇ ሳይሰናበታት በሌሊት ለስደት የወጣባት የአገራችን እናት ይህን ገጽ ብታነብ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ያ ልጅ እንዴት ተመለሰ? በ386 ሚላኖ ተቀምጦ ሳለ አንድ የአገሩ ልጅ፣ የቤተ መንግሥት ሹም፣ ሊጠይቀው መጣ። እንግዳው የጨዋታ ጠረጴዛው ላይ አንድ መጽሐፍ አየና አነሣው፤ የማስተማሪያ መጽሐፍ መስሎት ነበር፣ ቢገልጠው የጳውሎስ መልእክት ሆነ። ፈገግ አለና ወሬ ጀመረ። ወሬው ስለ ግብፃዊው መነኩሴ ስለ አባ እንጦንስ ነበር። አውግስጢኖስ ያን ሁሉ አንብቦ የእንጦንስን ስም እንኳ ሰምቶ አያውቅም። እንግዳው ቀጠለ። ትሪየር ከተማ ሳሉ ሁለት ባልንጀሮቹ ሲንሸራሸሩ አንዲት ጎጆ ገቡ፤ እዚያ የእንጦንስን ገድል አገኙ። አንደኛው ማንበብ ጀመረና እዚያው ሹመቱን ለመተው ወሰነ፣ ሁለተኛውም ተከተለው። አውግስጢኖስ ይህን እየሰማ ራሱን ታዘበ፤ የዚያኑ ዕለት በአትክልቱ ቦታ ውስጥ አልቅሶ ልቡ ተመለሰ። በ387 ፋሲካ ተጠመቀ። ሞኒካ ለዚያ ደረሰች፤ በዚያው ዓመት አረፈች።

በዚያ ቤት የተሰበከ ስብከት የለም። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍና ከእሱ የተነሣ ጨዋታ ብቻ ነው ያለው። ያን ገድል የጻፈው ደግሞ የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው፤ የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው እሱ ነው። ሩቅ የመሰለን ታሪክ የጎረቤት ነው።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ሦስቱን መጻሕፍት ከፌስታሉ አውጪና አንቺው አንብቢያቸው። ልጁ በሚያይበት ቦታ፣ ሶፋው ላይ፣ ቡናው እስኪፈላ። የደረስሽበት ገጽ ላይ ወረቀት አድርጊና ትተሽው ተነሺ። «አነበብከው?» ብለሽ ግን አትጠይቂው፤ ያ ጥያቄ የፈተና ጥያቄ ነው።

ምርጫው ላይም አንድ ነገር ልበል። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድም ስህተት የማይሠራ ሰው የሚተረክበትን የሕይወት ታሪክ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ባትሰጡት ይሻላል። የዘመኑ አንዳንድ መጻሕፍት፣ በተለይ ባለታሪኩ በሕይወት ሳለ የሚታተሙት፣ ታሪክነታቸው ቀርቶ ውዳሴ ናቸው፤ ልጆች ደግሞ ይህን ከእኛ ቀድመው ያሸቱታል። አውግስጢኖስ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር የሰው ፍሬ መስረቁን፣ ያውም ሳይርበው መስረቁን፣ ገጽ ሰጥቶ ጽፏል። የእንጦንስ ገድልም ቢሆን ምናኔውን ሲጀምር ስለተወው ሀብትና ስለ እህቱ ሐሳብ እንደያዘው አይደብቅም።

ማንበብ የማይችሉ ወይም ዓይናቸው የደከመ አያቶች «ይህ እኛን አይመለከትም» እንዳይሉ ደግሞ ይህንንም ልጨምር። እንጦንስ ራሱ ፊደል አልተማረም። ወንጌል ሲነበብ በጆሮው ሰምቶ ነው ያለውን ትቶ የወጣው፤ የሰማውንም በልቡ ይይዝ ስለነበር መጽሐፍ አላስፈለገውም ይላል ገድሉ። ስንክሳር በየዕለቱ የተከፈለ ስለሆነ የዕለቱን ብቻ ልጅ እንዲያነብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። «ና ተማር» ሲባል የሚሸሽ ልጅ፣ «ዓይኔ ደከመ፣ አንብብልኝ» ሲባል እምቢ ማለት ይከብደዋል።

እናቴ ዓይኗን ሞራ ከጋረዳት ወዲህ የምታደርገው ይህንን ነው። ጥር 22፣ የእንጦንስ ዕለት፣ ስለ እሱ የተጻፈች አንዲት ቀጭን የአማርኛ መጽሐፍ ለልጄ ሰጠችው። አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫው እንዳለ ማንበብ ጀመረ። ቃል ሲሰብር በቃሏ ታርመዋለች፤ እሱ ይስቃል። እንጦንስ ሀብቱን ሰጥቶ ሊወጣ ሲል ልጁ ቆመ።

«እቴቴ፣ ታዲያ እህቱን ለማን ጥሏት ነው የሚሄደው?»

እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። መልሱን አውቀው ነበር፤ ዝም አልኩ።

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ፣» አለች እናቴ፣ «ገጹን ገልጠህ እይልኝ እንጂ።»

ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ ገለጠ።