ቻድ የት ናት?

ለማስተማር ልምምድ ከመውጣቴ በፊት የ195 አገሮችን የጥያቄ ካርድ፣ ማለትም ፍላሽ ካርድ፣ በሞባይሌ ሠርቼ ነበር። ከፊት የአገሩ ቅርጽ፣ ከኋላ ስሙና ዋና ከተማው። «አንኪ» የተባለው ፕሮግራም የሳትኩትን ቶሎ፣ ያወቅሁትን ቆየት አድርጎ እያመጣልኝ ሁሉንም ሸመደድኳቸው።

ታዲያ ክፍል ገብቼ አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ቻድ የት ናት?» ስትለኝ የግድግዳው ካርታ ፊት ተገትሬ ቀረሁ። ቅርጿን አውቀዋለሁ እኮ! ግን ብቻዋን ተቆርጣ እንጂ ከሊቢያ በታች፣ ከሱዳን ጎን ሆና አጥንቻት አላውቅም።

ጥፋቱ የራሴ ነው። እያንዳንዱ አገር ስክሪኑን እንዲሞላ ስላደረግሁ ጋምቢያና አልጄሪያ እኩል ሆነው አረፉት። አልጄሪያ እኮ ከ200 እጥፍ በላይ ትሰፋለች!

በእኔ አስተያየት ካርዱ ጎረቤቶቹንም፣ ስማቸው ሳይጻፍ፣ ማሳየት አለበት። ጥያቄውም አንድ ብቻ ይሁን። የቦሊቪያ ዋና ከተማ ማን ናት ቢባል ሕገ መንግሥቱ ሱክሬን ይላል፤ መንግሥት የተቀመጠው ግን ላ ፓዝ ነው። ስለዚህ ሁለት ካርድ ይሠራለት። የተሠራበት ዓመትም ይጻፍበት። ካዛኪስታን እ.ኤ.አ. በ2019 አስታናን ኑር ሱልጣን ብላ ሰይማ በ2022 ወደ ቀድሞ ስሟ መልሳታለች። እኔ ጋ ያለው ካርድ ግን (ከጓደኛ የተቀዳ ነው) አሁንም ኑር ሱልጣን ይላል።

አሁን እንደገና እየሠራኋቸው ነው፤ አፍሪካን ጨርሻለሁ። የጀመርኩት ከቻድ ነው።