ከምስክር ወረቀቱ በፊት መዝገቡ

በአሜሪካ ለፖሊስ መሥሪያ ቤቶች በመስፈርት እየመዘነ ዕውቅና የሚሰጥ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1979 ተመሠርቷል፤ ክፍያውን በድጎማ የሚሸፍኑ ግዛቶችም አሉ። ሐሳቡ አይከፋም። ለጌዶም ሆነ ለአምቦ ፖሊስ ጣቢያ ግን ዋናው መስፈርት ከ1987 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ሰፍሯል፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ለጉዞ የሚያስፈልገው ምክንያታዊ ጊዜ አይታሰብም፤ መኪና ነዳጅ አጥቶ ሲቆም የሚባክነው ሰዓት ግን ምክንያታዊ አይባልም፤ ስለዚህ የመኪናው ነዳጅ ራሱ የመብት ጉዳይ ነው።

«ያለ ገንዘብ መስፈርት አይሟላም» የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ገንዘቡ ግን በምዘና ክፍያና በአበል ካለቀ ለታሳሪው ምን ተረፈው? የተያዘበት ሰዓት ሳይሰረዝ ሳይደለዝ የሚሰፍርበት መዝገብ ይቅደም። መዛኝም አልጠፋም፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2012 በተሻሻለው አዋጁ ማረፊያ ቤቶችን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ መጎብኘት ይችላል። ድጎማ ከተገኘ የጉብኝቱን ወጪ ይሸፍን።