ሕግና ኑሮ፦ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»?

በዚህ ዓምድ ባለፉት ጊዜያት ስለ ኪራይ ውል፣ ስለ ደመወዝ ወረቀትና ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ ተነጋግረናል። የዛሬው ጉዳይ ከእነዚያ ይከብዳል። ብዙዎቻችን በየቤታችን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምናነሣው ነገር ስለሆነ በግልጽ ልጻፈው።

በቅርቡ እዚሁ ቂርያት ጋት ገበያ ውስጥ አንዲት እናት ከእነ ዘንቢሏ አስቆመችኝ። ከጎንደር ከመጣች ጥቂት ዓመት ነው። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ለሰው እንዳትነግርብኝ» አለችኝ። ስሟንም፣ ነገሩ የሆነበትንም ከተማ አልጽፍም። የ16 ዓመት ልጇ አንድ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ቆይቶ ሲመለስ ሁለት ፖሊሶች አስቆሙት። መታወቂያ ጠየቁት። «ለምን?» ሲል እጁን ጠምዝዘው ከግድግዳ አጋጩት፤ ኪሱን በረበሩ፤ ምንም ሲያጡ «ሂድ» ብለው ለቀቁት። ልጁ ክንዱ አብጦ ቤት ገባ። አባት ገና ከበሩ ላይ «ምን አድርገህ ነው? ፖሊስ ዝም ብሎ ሰው አይነካም!» አለው። ልጁ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ምሽት አንድ ቃል አልተናገረም።

እናትየዋ የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ነው። ፖሊስ ይከሰሳል ወይ? ብንከስስስ ልጁ ነገ ወታደር ቤት ሲጠራ ስሙ አይበላሽም ወይ?

በአገራችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። አባትየው የተናገረው ከዚህ ተረት ተነሥቶ ነው፤ አልፈርድበትም። እኛ ባደግንበት ዘመን የመንግሥት ሰው ጠመንጃ ይዞ ደጃፍ ከቆመ አቤት የሚባልበት ቦታ አልነበረም። የዋሁ ሰው ዝም ብሎ ይተርፋል፤ የሚናገረው ይጠፋል። ያ ዝምታ እዚያ ነፍስ አድኗል። እዚህ አገር ግን ልጆቻችንን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። እንዴት እንደሚጎዳ ለማሳየት ማኅበረሰባችን የማይረሳቸውን ሦስት ታሪኮች ላስታውሳችሁ። አዲስ የመጣችሁ ቤተሰቦች ስሞቹን ሰምታችሁ ይሆናል፤ ነገሩን ግን በቅጡ የነገራችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። ዓመቶቹ ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የደማስ ፈቃዳ ነው። ኤፕሪል 26 ቀን 2015 በሖሎን ከተማ፣ የወታደር ልብስ እንደለበሰ፣ ሁለት የፖሊስ ሰዎች መሬት ላይ ጥለው ደበደቡት። የተያዘው ፖሊስ መትተሃል ተብሎ ነበር። ነገር ግን በስፍራው የነበረ ካሜራ ሁሉን ቀርጾ ስለነበር ፊልሙ ወጥቶ አገር ተመለከተው፤ ክሱም ተነሣለት። በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ሺዎች አደባባይ ወጡ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ወታደሩን በቢሮአቸው ተቀበሉት። ይሁን እንጂ በመጨረሻ በመታው ፖሊስ ላይ የወንጀል ክስ ሳይመሠረት መዝገቡ ተዘጋ። ያ ካሜራ ባይኖር ኖሮ ተከሳሹ ማን ይሆን እንደነበር እናንተው ፍረዱ።

ሁለተኛው የይሁዳ ቢያድጋ ነው። ጃንዋሪ 18 ቀን 2019 በባት ያም ከተማ ሞተ። የ24 ዓመት ወጣት ሲሆን የአእምሮ ሕመም ነበረበት። ቢላ ይዞ ከቤት ሲወጣ ቤተሰቡ ደንግጠው ፖሊስ ጠሩ። የጠሩት እንዲያድኑት ነበር። ፖሊሱ ቢላ ይዞ መጣብኝ ብሎ ተኮሰበትና ገደለው። ቤተሰቡ ልጃችን በሽተኛ መሆኑ እየታወቀ በሌላ መንገድ መያዝ ይቻል ነበር አሉ። በዚያው ወር መጨረሻ ሺዎች በቴል አቪቭ ሰልፍ ወጡ።

ሦስተኛው የሰሎሞን ተካ ነው። ጁን 30 ቀን 2019፣ እሑድ ማታ፣ በሃይፋ ከተማ ቂርያት ሓይም ሰፈር፣ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ የነበረና ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መናፈሻ የወጣ ፖሊስ ከወጣቶች ጋር ተጋጨ። ፖሊሱ ድንጋይ ወርውረውብኝ ለሕይወቴ ሠጋሁ አለ። የወጣቶቹ ቃል ከዚህ የተለየ ነበር። ፖሊሱ ወደ መሬት ተኮሰ፤ ጥይቱ ነጥሮ ሰሎሞንን መታው፤ ወጣቱም ሞተ። በተከተሉት ቀናት የአገሪቱ ዋና ዋና መንገዶች ተዘጉ። መኪናዎች ተቃጠሉ፤ ከመቶ በላይ ሰዎች ታሰሩ፤ ከመቶ በላይ ፖሊሶችም መቁሰላቸው ተነገረ። በ2020 ፖሊሱ በቸልተኝነት ሞት በማድረስ ተከሰሰ። ይህ ወንጀል በሕጉ ከፍተኛ ቅጣቱ ሦስት ዓመት እስራት ነው። በ2023 የሃይፋ ሰላም ፍርድ ቤት ነጻ ብሎ አሰናበተው። የማኅበረሰባችን ሰዎች በዚያም ጊዜ እያለቀሱ አደባባይ ወጡ።

ውድ አንባቢያን፣ እነዚህን ያነሣሁት ፖሊስን እንድትጠሉ አይደለም። ሌባ በር ሲሰብር፣ ባል ሚስቱን ሲደበድብ፣ ልጅ ሲጠፋ በ100 የምንጠራው ፖሊስን ነው። ከልጆቻችንም ዩኒፎርሙን ለብሰው የሚያገለግሉ አሉ። ነገር ግን በእጁ ጠመንጃ የተሰጠው ሰው ከሌላው ይበልጥ መልስ መስጠት አለበት። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ፖሊስ በሰው ላይ መተኮስ የሚችለው የራሱ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት ወይም አካል እውነተኛና ቅርብ አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ሌላ መንገድም ሲያጣ ብቻ ነው። ጊዜ ካለ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ አለበት። ኃይሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን ይገባዋል። ሰው ስለሮጠ፣ ስለተሳደበ ወይም መታወቂያ አላሳይም ስላለ አይተኮስበትም። ፖሊስ የስም ምልክት መለጠፍ፣ ሲጠየቅም ማንነቱን የሚገልጽ ወረቀት ማሳየት አለበት። ሲይዝም የተያዘበትን ምክንያት መናገር አለበት። በ2012 ከፍተኛው ፍርድ ቤት እንደወሰነው፣ ፖሊስ ያለ ጥርጣሬ በፈቃድህ ልፈትሽህ ካለ፣ እምቢ ማለት እንደሚቻልና እምቢታው እንደማይጎዳ አስቀድሞ ማስረዳት አለበት። ጥርጣሬ ካለ ወይም ሕጉ ልዩ ሥልጣን በሰጠበት ሁኔታ ግን መፈተሽ ይችላል። ስለዚህ በእጅ አትከላከሉ፤ በቃል «አልተስማማሁም» ማለት ይበቃል።

ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ነዋሪ ሁሉ መታወቂያ መያዝና ለፖሊስ ማሳየት ግዴታው ነው። ይህንን ልጆቻችሁን አስተምሩ። ይሁን እንጂ በ2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ የማኅበረሰባችን ድርጅቶች ባቀረቡት አቤቱታ፣ ፖሊስ በዚህ ሥልጣን ያለ በቂ ምክንያት ሰው እያስቆመ መመርመር እንደማይችል ወስኗል። በቆዳ ቀለም የተነሣ ማስቆም ክልክል ነው።

ታዲያ ፖሊስ ሲያጠፋ ማን ይመረምረዋል? ቀድሞ ፖሊስ ራሱን ይመረምር ነበር። ከ1992 ጀምሮ ግን «ማሓሽ» የሚባል ክፍል በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ተቋቋመ። ፖሊስ ሰው ደበደበ፣ ያለ አግባብ ኃይል ተጠቀመ፣ ገደለ ሲባል የሚመረምረው እሱ ነው። ስድብና መጥፎ ጠባይ የመሳሰለው የዲሲፕሊን ጉዳይ ለፖሊስ የሕዝብ አቤቱታ ክፍል ይቀርባል። እውነቱን ለመናገር ግን ለማሓሽ የሚቀርቡ አቤቱታዎች አብዛኞቹ ክስ ሳይመሠረትባቸው ይዘጋሉ። ይህን የምነግራችሁ ተስፋ እንድትቆርጡ አይደለም። ባዶ እጁን የሄደ አቤቱታ ቶሎ እንደሚወድቅ እንድታውቁ ነው።

ከ2015ቱ ሰልፍ በኋላ በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። በ2016 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያውያን ላይ ዘረኝነት በመንግሥት ተቋማት ውስጥም እንዳለ በጽሑፍ አረጋገጠ፤ ብዙ ማሻሻያም ጠየቀ። በዚያው ዓመት ዘረኝነትን ለመታገል የሚያስተባብር የመንግሥት ክፍል በፍትሕ ሚኒስቴር ተከፈተ። እዚያም አቤቱታ ይቀርባል። ቀደም ብሎ በ1996 የለገስነው ደም መጣሉ ሲታወቅም እንዲሁ ጮኸን፣ ኮሚቴም ተቋቋመ። ጩኸት ኮሚቴ ያመጣል። የአንድን ልጅ ጉዳይ የሚያቆመው ግን ወረቀት ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ?

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር በቤታችሁ ቢደርስ የሚከተለውን አድርጉ።

1ኛ. መጀመሪያ ልጁን አስቀምጡና አድምጡት። «ምን አድርገህ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለነገ አቆዩት። አጥፍቶም ቢሆን መደብደብ ቅጣቱ አይደለም።

2ኛ. በዚያው ሌሊት ወይም በማግሥቱ ወደ ኩፓት ሖሊም ወይም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ለሐኪሙ እንዴት እንደተጎዳ በግልጽ ይናገር፤ «ወደቅሁ» አይበል። የሐኪሙን ወረቀት ያዙ። ቁስሉንም ፎቶ አንሡ።

3ኛ. ነገሩ ሳይረሳ ሁሉን ጻፉ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መንገዱን፣ የፖሊሱን ስም ወይም መልክ፣ የመኪናውን ቁጥር፣ ያዩ ሰዎችን ስምና ስልክ። በአማርኛም ቢሆን ጻፉት፤ ኋላ ይተረጎማል።

4ኛ. አጠገቡ ሱቅ ወይም ካሜራ ያለው ሕንፃ ካለ ፊልሙ እንዳይጠፋ ባለቤቱን ለምኑ። ብዙ ካሜራዎች ከጥቂት ቀን በኋላ የቆየውን ያጠፋሉ። ፖሊሱ ደረቱ ላይ ካሜራ ከነበረው ፊልሙ እንዲቀመጥ በአቤቱታው ውስጥ ጠይቁ። በአደባባይ ፖሊስን መቅረጽ የተፈቀደ ነው፤ ሥራውን ማደናቀፍ ግን ክልክል ነው።

5ኛ. ልጁ ከተያዘ ወዲያው ጠበቃ ይጠይቅ። አቅም ለሌለው የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ አለ፤ «ሳንጎሪያ ጺቡሪት» ይባላል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ሲመረመር፣ ሕጉ ካስቀመጣቸው ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ወላጁ አብሮት የመገኘት መብት አለው። ምርመራውም በሚገባው ቋንቋ መሆን አለበት። ያላነበባችሁትንና ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ።

6ኛ. አቤቱታውን ለማሓሽ በጽሑፍ አቅርቡ፤ ቅጂውንና የመዝገቡን ቁጥር ቤት አስቀምጡ። ለማኅበረሰባችን የሕግ እርዳታ የሚሰጠው «ጠበቃ» የተባለው ድርጅት አለ፤ ብቻችሁን አትሂዱ። መዝገቡ ከተዘጋም ይግባኝ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ቀን የተቆረጠለት ስለሆነ ደብዳቤው በደረሳችሁ ሳምንት ሰው አማክሩ።

በቤታችሁ የአእምሮ ሕመምተኛ ካለ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሕመሙን አትደብቁ፤ ነውር አይደለም። ሐኪሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሲነሣበት የምትደውሉለትን ሰው ስልክ በር ላይ ለጥፉ። አምቡላንስ በ101 ሲጠራም ሆነ ፖሊስ በ100፣ በመጀመሪያው ቃል «በሽተኛ ነው፣ የአእምሮ ሕመም አለበት» በሉ። በእጁ ነገር ይዞ እንደሆነና እንዳልሆነም እውነቱን ተናገሩ። በዕብራይስጥ «ሆሌ ነፌሽ» ይባላል፤ ይህችን ቃል ለቤተሰቡ ሁሉ አስጠኑ።

አሁን ወደዚያች እናት ልመለስ። ለሁለተኛው ጥያቄዋ የሰጠኋት መልስ ይህ ነበር፦ በፖሊስ ላይ አቤቱታ ማቅረብ በልጁ ላይ የወንጀል መዝገብ አይከፍትም፤ አቤት ማለት ወንጀል አይደለምና። የልጅን ስም የሚያበላሸው ያለ ጠበቃ፣ ሳይገባው የፈረመው ወረቀት ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄዋ ግን መልሱ ከብዶኝ ነበር። ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። ሐኪም አላየውም፤ የፖሊሶቹን ስም የሚያውቅ የለም፤ እብጠቱም ጠፍቷል። የሆነው ሆኖ አንድ እሑድ ማታ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈላ። ልጁ መጀመሪያ አልናገርም አለ። አባትየው ብዙ ዝም ብሎ ቆየና «ልጄ፣ የዚያን ቀን ሳልሰማህ ተናግሬሃለሁ። ዛሬ ልስማህ» አለው። ልጁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ፤ እኔ ጻፍኩ፤ እህቱ ወደ ዕብራይስጥ መለሰችው። ከጓደኞቹ አንዱ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አይቶ እንደነበር ያወቅነው በዚያ ማታ ነው። ምስክር ተገኘ ማለት ነው።

አቤቱታው ተልኳል። ይዘጋ ይሆናል፤ ይከፈትም ይሆናል። መልሱ ሲመጣ፣ ቤተሰቡ ከፈቀዱ፣ በዚህ ዓምድ እነግራችኋለሁ። አባትየው ሊሸኘኝ እስከ ታች ደረጃ ወርዶ «እዚህ አገር ንጉሥም ይከሰሳል በለኛ» አለኝ። እኔም «ይከሰሳል፤ መፈረዱን ግን አላውቅም» አልኩት። ጥቂት አሰበና «ቢያንስ ልጄ ዝም አላለም» አለኝ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ፤ ልጆቻችሁን እግዚአብሔር ይጠብቅላችሁ።