ምን ይዛችሁ መጣችሁ?

እኔና ባለቤቴ ከአሥር ወር መንገድ በኋላ፣ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ዝናብ የበሰበሰ የጀርባ ቦርሳችንን አዝለን ወደ ሰፈራችን ስንገባ መጀመሪያ ያገኘችን ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ ጎረቤታችን ነበረች። አቅፋ ሳመችን። «እኔማ ቀልጣችሁ የቀራችሁ መስሎኝ!» አለች። ቀጥላም ቦርሳዎቻችንን በዓይኗ እየመዘነች «ለመሆኑ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» ስትል ጠየቀችን።

እርሷን አልቀየምኩም፤ በደግነት ነው የጠየቀችው። ነገር ግን ያቺ ጥያቄ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ከለቅሶ ቤት ሠርግ ቤት፣ ከቡና ላይ መሥሪያ ቤት ድረስ ተከትላናለች። ዓመታት አልፈዋል፤ አሁንም አልለቀቀችንም። እነሆ ዛሬ ጥያቄዋን ራሷን ልጠይቃት ተነሥቻለሁ።

ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ባለቤቴ የሒሳብ ሠራተኛ። ልጅ አልነበረንም። ለቤት መሥሪያ ብለን ያጠራቀምናት 72 ሺህ ብር ነበረችን። ሥራችንን ለቀቅን፣ የኪራይ ቤታችንን አስረከብን፣ ዕቃችንን ከእህቴ ቤት አስቀመጥንና በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሀገራችንን ለማየት ወጣን። የ2011ን ገና ላሊበላ ዋልን። በአፋር በኩል ዞረን መቀሌ ገባን፤ ገርዓልታ ላይ ጫማችንን አውልቀን፣ አለቱን በእጅና በእግር ቧጠን አቡነ ይምዓታ ጉህ ወጣን። ሐረር ጁገል ሰነበትን። ባሌ ላይ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው ሰነቲ ብርድ ጥርሳችን ተንቀጫቀጨ፤ የወይብ ወንዝ አለቱን ሰርስሮ በሚያልፍበት በሶፍ ዑመር ዋሻ አደብ ገዛን። ኮንሶ የእርከኑን ድንጋይ ከሚክቡ ገበሬዎች ጋር ቁጭ ብለን ጨቃ ጠጣን። በቅጥቅጥ አውቶቡስ፣ በአይሱዙ ጀርባ፣ ሲያቅትም በእግራችን። ይኸው ነው።

ክሱ ግን ብዙ ነው። አንድ በአንድ ልመልስ።

የመጀመሪያው ክስ «የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚል ነው። ቦርሳ አዝሎ መዞርን ማን አስተማረን? የቆሎ ተማሪው ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለቅኔ ጎጃም፣ ለዜማ ሌላ አገር ሲል በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ስንት ዓመት ይዞር አልነበረም? ለመስከረም 21 ግሸን የሚወጣው፣ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚወርደው፣ ባሌ ውስጥ ሼኽ ሁሴን ድረስ ዱላውን ይዞ የሚጓዘው ሕዝብ ማን ነው? አማቴ በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር በእግራቸው ግሸን ደርሰው ተመልሰዋል። መንገዱን ሲያወሩ ስለ ደብሩ ከሚያወሩት ይረዝማል፤ የት ወንዝ እንደሞላባቸው፣ ማን ቤት እንዳደሩ፣ ማን ጨው እንደሰጣቸው። እኛን «ምን ይዛችሁ መጣችሁ» ብለው ያልጠየቁን እርሳቸው ብቻ ናቸው። «እግራችሁ እንዴት ሆነ?» ነው ያሉት።

እርግጥ ነው፤ ከሳሼ እዚህ ላይ ይይዘኛል። «እነዚያ እኮ ጉዳይ አላቸው!» ይለኛል። ልክ ነው። በእኛ ዘንድ ተሳላሚ ይከበራል፣ ተማሪ ይከበራል፣ ነጋዴ ይከበራል፣ መልእክተኛ ይከበራል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን የሄዱት ተልከው ነው፤ ሲመለሱም ያዩትን በመጽሐፍ ጻፉልን፣ እግዜር ይስጣቸው። ያልተላከ፣ ያልተሳለ፣ የማይነግድ፣ የማይሰደድ ሰው ግን ለምን እግሩን ያነሣል? አንድ ቀን ወደ ደቡብ በሚወስደው ጎዳና አንድ ኬላ ላይ አስወረዱን። ተቆጣጣሪው ቦርሳችንን አገላብጦ ባለቤቴን «ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ደላላችሁ ማነው?» አለው። በኬንያ አቋርጠው ደቡብ አፍሪካ ከሚሄዱት ስደተኞች ቆጥሮን ነው። «ሀገር ልናይ ነው» ብንለው ከልቡ ሳቀ። የአስተማሪነት መታወቂያዬ እስኪታመን ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። በእኛው አውቶቡስ የነበሩት ሁለት ነጮች ግን ቦርሳቸው ከእኛ እጥፍ ቢሆንም አልወረዱም። አያችሁ? ፈረንጅ ቦርሳ ሲያዝል ጎብኚ ነው፤ ሐበሻ ሲያዝል ወይ ስደተኛ ነው ወይ እብድ። ይህን ፍርድ ፈረንጅ አልፈረደብንም። እኛው ነን የፈረድነው።

ሁለተኛው ክስ «ምን አተረፋችሁ?» የሚል ነው። ለዚህ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ቶኒ ዊለርና ሞሪን ዊለር የሚባሉ ወጣት ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1972 ከለንደን በአሮጌ መኪና ተነሥተው እስያን አቋርጠው አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ከተማ ሲደርሱ በኪሳቸው የቀረችው 27 ሳንቲም ነበረች። ያገኛቸው ሰው ሁሉ ግን «እንዴት ሄዳችሁ?» ብሎ ይጠይቃቸው ነበር። ጥያቄው ቢበዛባቸው በ1973 መልሱን በትንሽ መጽሐፍ አትመው አወጡ። ሎንሊ ፕላኔት የተባለው ታዋቂው የመንገደኞች መጽሐፍ አሳታሚ ከዚያች መጽሐፍ ተወለደ፤ በ2007 የቢቢሲ የንግድ ክንፍ አብዛኛውን ድርሻ ገዛው።

ይህን ታሪክ ለወዳጆቼ ስነግር «ይኸው! እነሱ ሀብት ሠሩበት፤ እናንተስ?» ይሉኛል። የታሪኩ ፍሬ አመለጣቸው። እነዚያ ባልና ሚስት ሲድኒ ሲደርሱ እንደ እኛው ድሆች ነበሩ። ልዩነቱ የተጠየቁት ጥያቄ ነው። «እንዴት ሄዳችሁ?» የተባለ ሰው የሚያወራው ያገኛል። «ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» የተባለ ሰው ግን ባዶ እጁን ዘርግቶ ያፍራል፤ ያየውንም ውጦ ዝም ይላል።

ስለ ገንዘቡም ከሆነ እንተሳሰብ። 72 ሺህ ብር በ2011 ዓ.ም. የባንክ ምንዛሪ ከ2,500 ዶላር በላይ ነበር። ባንክ አስቀምጠነው ቢሆን ኖሮ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ አንዱ ዶላር ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ያው ብር ከ720 ዶላር በታች በሆነ ነበር። በእርግጥ በዚያን ጊዜ ቁራሽ መሬት የገዛበት ሰው አትርፏል፤ ይህን አልክድም። እኛ ዛሬም ተከራይ ነን። አከራያችን ኪራይ በጨመሩ ቁጥር ባለቤቴና እኔ ተያይተን ዝም የምንልበት ጊዜ አለ። ዋጋ አልከፈልንም አልልም። ዋጋውን አውቀን ከፍለናል እንጂ አልተታለልንም ነው የምለው።

ሦስተኛው ክስ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ነው። «ምን አስቸኮላችሁ? ሀገሩ የት ይሄዳል?» አጎቴ ናቸው ያሉን፤ ጡረታ ስንወጣ እንድናየው መክረውን ነበር። ሀገሩ የት ሄደ? ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በገርዓልታ ውሃ ያጠጣችን፣ ጫማችንን የጠበቀችልን ልጅ ስልኳ ለሁለት ዓመት ዝም አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ ስንል፣ ያው ዓመት ሳያልቅ የአማራ ክልል በግጭት ታመሰ። ዊለሮች የሄዱበት የኢስታንቡል፣ የቴህራን፣ የካቡል ጎዳናም እ.ኤ.አ. በ1979 በኢራን አብዮትና በሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን መግባት ተዘግቷል፤ እነርሱ ካለፉበት ሰባት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሀገር ባለበት ይኖራል፤ መንገዱ ነው የሚሄደው። አጎቴ በ2014 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። አክሱምን ሳያዩ ቀርተዋል።

አራተኛው ክስ ለእኔ ብቻ የተለየ ነው። «እሱስ ወንድ ነው፤ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» እሱ ሲመለስ «ጀብደኛ» ተባለ። እኔ «ባሏ ያንከራተታት» ተባልኩ። ሐሳቡን ያመነጨሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ዳገት ላይ «በቃኝ» ይል የነበረው እሱ እንደሆነ ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ። ይህንን በክርክር አላሸንፈውም፤ አስመዝግቤው አልፋለሁ።

አሁን ደግሞ በራሴ ላይ የምመሰክረው አለ፤ ያለዚያ ክርክሬ ጎዶሎ ይሆናል።

ስንሄድ ለዕድራችን መዋጮ የሚከፍልልን ሰው አልወከልንም ነበር። አሥር ወር ሙሉ ባለመክፈላችን ዕድሩ ስማችንን ሰረዘው። ቅጣቱን ከፍለን እስክንመለስ ሳንደርስ፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. አማቴ አረፉ። ድንኳን ከሌላ ቦታ ተከራየን። ዕድሩን አልወቅስም፤ ደንቡን የጣስነው እኛ ነን። ጎረቤቶቻችን እንጀራና ንፍሯቸውን ይዘው በየግላቸው መጡ፤ የጉልቷ ጎረቤታችን ሦስቱንም ሌሊት አብራን አደረች። እኛ በሰው ደጅ እያደርን፣ ያልታወቀ ሰው እያበላን አሥር ወር ስንኖር፣ የሚያውቁን ሰዎች የተሸከሙልንን ዘንግተን ነበር። ታናሽ እህቴም እኔ እረዳት የነበረው የኮሌጅ ክፍያ ስለተቋረጠባት አንድ ዓመት ትምህርቷን አቋረጠች። ይህ ዕዳ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ብከፍልላትም ያ ዓመት አልተመለሰም። እርሷ ይቅር ብላኛለች፤ እኔ ለመንገዱ ስሟገት እርሷን ከሒሳቡ መሰረዝ ግን አይገባኝም።

ስለዚህ በወገኖቼም ላይ አንድ ቃል አለኝ፤ ከመንገድ ተመልሰው የሰፈራቸውን ሰው ቁልቁል ለሚያዩት። «እናንተ ምን አይታችሁ?» እያሉ፣ ቡና ላይ ሌላ ሰው አፉን እንዳይከፍት የሚያደርጉ አሉ። እኔም ለሁለት ወር ያህል እንዲያ ነበርኩ። ሰው ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያወራ እኔ ስለ ሰነቲ ቀይ ቀበሮ እጀምር ነበር። ሀገር ያየ ሰው ጎረቤቱን ካላየ ምኑን አየ? መመለስም መንገድ ነው፤ ስንቅ ይፈልጋል፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሥራ ፍለጋ ስድስት ወር ደጅ ጠንተናል። «በመካከል ያለው ይህ አሥር ወር ምንድን ነው?» ለሚለው የቀጣሪዎች ጥያቄ ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ «ታምሜ ነበር» ይል ነበር። መታመም ሀገር ከማየት ይሻላል ማለት ነው! በኋላ እውነቱን መናገር ጀመረ። በሦስተኛው ቦታ የጠየቁት ሰው ወረቀታቸውን አስቀምጠው «ኮንሶ ደርሰሃል?» አሉት። እዚያ ነው እስከ ዛሬ የሚሠራው።

ልደምድም። ሁሉም ሰው ሥራውን ትቶ ይሂድ አላልኩም፤ የማይችል ብዙ ነው፣ መሄድ የሌለበትም አለ። እናት የሚጦር ይጡር፣ ልጅ የሚያሳድግ ያሳድግ። የሚሄድም ዕድሩን ወክሎ፣ ዕዳውን ከፍሎ ይሂድ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከመንገድ የተመለሰ ሰው ደጃችሁ ሲመጣ ቦርሳውን አትመዝኑ። ውሃ ስጡት፣ አስቀምጡትና እንደ አማቴ «እግርህ እንዴት ሆነ?» በሉት። ከዚያ በኋላ የሚነግራችሁ ነገር ከሌለው፣ ያን ጊዜ ባዶ እጁን መጥቷል ብላችሁ ፍረዱበት።