መስኮት ማጽዳትም ሥራ ነው

አዲስ አበባ የመስታወት ከተማ ሆናለች። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ይሁን እንጂ መስኮት በማጽዳት ለመተዳደር ለሚነሣ ጀማሪ የሚበጀው ሰማይ ጠቀሱ ሕንፃ ሳይሆን የምድር ቤቱ ሱቅ ነው። ባልዲ፥ ሳሙና፥ የጎማ መጥረጊያና አጭር መሰላል ይበቁታል። ፀሐይ በመታው መስታወት ላይ ውሃው ቶሎ እየደረቀ መስመር ይተዋልና በማለዳ መሥራት ይገባል። ዋጋን በመስኮት ቍጥር አስቀድሞ መዋዋልና በተባለው ቀን መገኘት ደንበኛን ያበዛል።

ታዲያ ምሩቁን የሚያግደው የገንዘብ ማጣት ነውን? አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ዛሬም የተማረ ወጣት ባልዲ ቢያነሣ «ለዚህ ነው የተማረው?» እንላለን። ይህን ቃል ከአንደበታችን እናርቅ። በየመሥሪያ ቤቱ ያለንም ባልዲውን ይዞ ከደጃችን ሲቆም በዘበኛ አናስመልሰው፤ ዋጋውን እንጠይቀው።